ስም ሲዛባ መስመር ይበጠሳል



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓይነት ካርታ ነው። ወንዝና ተራራ የለበትም፤ ያለው ነጥብና መስመር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ተመራማሪ ነው። ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አብረው ካሳተሙ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። የብዙ ሺህ ጽሑፎች መረጃ ሲገባበት ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ የትኛው ቡድን ለብቻው እንደቀረ፣ ሁለት ቡድኖችን የሚያገናኘው ሰው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ያሳያል። የምርምር ትብብር ካርታ የሚባለው ይህ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሙያችንን ጆርናሎች የምታገላብጡ ሰዎች እነዚያን ባለ ቀለም ክቦች ደጋግማችሁ አይታችኋቸዋል።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ይህ ካርታ ሲያዩት የኮምፒዩተር ሥራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የካታሎግ ሥራ ነው። እውነት የሚናገረው ስሞቹ በትክክል በተመዘገቡበት ልክ ነው፤ ስም መመዝገብ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ስለዚህ ሌላው ሲሥለው ቆመን የምናይበት ምክንያት የለም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ ሲጀመርም ከመጻሕፍት ክምር አጠገብ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴሬክ ዴ ሶላ ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲንጋፖር በሚገኘው ራፍልስ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ኮሌጁ ከ1665 ጀምሮ ሲታተም የኖረውን የለንደኑን ሮያል ሶሳይቲ ጆርናል ጥራዞች አገኘ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ግን ገና አላለቀም ነበር። ፕራይስ ጥራዞቹን ቤቱ ወስዶ በየአሥር ዓመቱ እየለየ ግድግዳ ሥር ከመራቸው። ክምሮቹ ተሰልፈው ሲያያቸው ቁመታቸው እየተጣደፈ ወደ ላይ የሚወጣ ኩርባ ሠርቷል። የሳይንስ ጽሑፍ የሚያድገው እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ነው የሚለው ሐሳቡ የተነሳው ከዚያ ግድግዳ ነው።

ይኸው ሰው በኋላ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን መርምሮ፣ ለብቻቸው የሚጽፉ ሰዎች ድርሻ እየቀነሰ፣ ተባብረው የሚጽፉት ድርሻ እየጨመረ መሄዱን አሳየ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ1980 በአንድ ሰው የተጻፈ ጥናት ጨርሶ ይጠፋል እስከ ማለትም ደርሶ ነበር። አልጠፋም። የአዝማሚያው አቅጣጫ ግን እሱ እንዳለው ሆኗል፤ በእኛ ሙያም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲጽፍ የኖረው ሰው ዛሬ አጋር ይዞ ነው የሚጽፈው።

በዚያው ዘመን ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የተመረቀ አሜሪካዊ ሌላ ነገር አሰበ። የአገሩ ጠበቆች የትኛው ፍርድ የትኛውን ፍርድ እንደጠቀሰ የሚፈልጉበት ማውጫ ነበራቸው። ጋርፊልድ በ1955 ለሳይንስም እንዲህ ያለ ማውጫ ይሠራ አለ፤ በ1964 ሠርቶ አወጣው። ዛሬ ከምናያቸው ካርታዎች ብዙዎቹ የሚሣሉት ከዚያ ማውጫና ከሱ በኋላ ከመጡት ዳታቤዞች ነው። ማውጫው ግን ከመነሻው ሁለት ነገር ይቆርጥ ነበር። ከተጠቀሰ ጽሑፍ የሚይዘው የመጀመሪያውን ደራሲ ብቻ ነው። የደራሲውንም ስም የሚጽፈው የቤተሰብ ስሙን ሙሉ፣ የራሱን ስም በመነሻ ፊደል ብቻ አድርጎ ነው። በወረቀት ዘመን ቦታ ለመቆጠብ የተደረገ ነገር ነው። ያ ቁጠባ እስከ ዛሬ ያስከፍለናል።

እንዴት እንደሚያስከፍለን በትንሽ ምሳሌ እንየው። ሦስት ጽሑፎች አሉን እንበል። የመጀመሪያውን የጻፉት ሀ፣ ለ እና ሐ ናቸው። ሁለተኛውን ሐ እና መ ጻፉት። ሦስተኛውን መ፣ ሠ እና ረ። ሁሉንም ብንሥል ስድስት ነጥብና ሰባት መስመር እናገኛለን። ሐ እና መ እያንዳንዳቸው ከሦስት ሰው ጋር ሲገናኙ የቀሩት ከሁለት ሁለት ሰው ጋር ተገናኝተዋል። ሀ ከሠ ጋር መተዋወቅ ቢፈልግ በሐ፣ ከዚያም በመ በኩል አድርጎ በሦስት እርምጃ ይደርሳል። ሐ እና መ ድልድይ ናቸው ማለት ነው፤ አንዳቸው ቢጎድል ካርታው ይቆረጣል።

አሁን መ የተባለችው ተመራማሪ በሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ስሟ በሌላ አጻጻፍ ተመዘገበ እንበል። አንዷ ሴት ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ሆነች። መስመሮቹን ብትቆጥሩ አሁንም ሰባት ናቸው፤ አንድም አልጠፋም። ካርታው ግን ለሁለት ተሰንጥቋል፤ በአንዱ ወገን አራት ነጥብ፣ በሌላው ወገን ሦስት ነጥብ። ከሀ ወደ ሠ የሚያደርስ መንገድ የለም። የሁለቱ ቡድኖች መገናኛ የነበረችው ሴት እዚህም እዚያም ተራ ነጥብ ሆናለች። ይህ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ የቀረበለት ኃላፊ «ሁለቱ ቡድኖቻችን አይነጋገሩም» ብሎ ይጽፋል። በአንድ ፊደል ስህተት ላይ የቆመ ሪፖርት ነው።

ተቃራኒውም ያው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በስም መመሳሰል አንድ ነጥብ ከሆኑ በካርታው ላይ የሌለ ድልድይ ይበቅላል። ያ የሌለ ሰው በመረቡ ውስጥ ዋነኛ አገናኝ ሆኖ ይመረጣል። ሽልማት ባይደርሰው እንኳ ስሙ በደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ይቀመጣል።

ይህ በትንሽ ምሳሌ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። ማርክ ኒውማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2001 ባሳተመው ጥናት ከሜድላይን የሕክምና ዳታቤዝ የአምስት ዓመት ጽሑፎችን ወስዶ የደራሲዎቹን መረብ ሠራ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ መረብ ውስጥ ተያይዘው እንደሚገኙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስም በአማካይ አምስት እርምጃ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። ለኛ ግን የሚበልጠው በጥናቱ ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። ኒውማን ሰዎቹን በሁሉም የመነሻ ፊደሎቻቸው ሲለያቸው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ደራሲዎች አገኘ፤ በአንድ መነሻ ፊደል ብቻ ሲለያቸው 1.1 ሚሊዮን ገደማ። ጽሑፎቹ ያው ናቸው፣ ዳታቤዙም ያው ነው። ከ400,000 በላይ ሰው የመጣውና የሄደው በአንድ የአጻጻፍ ደንብ ነው። ኒውማን ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ከእሱ ወዲህ ካርታ ከሚሠሩት ስንቱ እንዲህ እንደሚያደርግ እናንተው ፍረዱ።

እንግዲህ የውጭዎቹ ስሞች እንዲህ ካደረጉ የኛን ስሞች አስቡት። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ዳታቤዙ ግን የኋለኛውን እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥርና የራስን ስም ወደ አንዲት ፊደል ያወርደዋል። አበበ ከበደ፣ አልማዝ ከበደና አስቴር ከበደ በዚህ ስሌት አንድ ሰው ናቸው፤ ሦስቱም «ከበደ፣ አ.» ተብለው ይገባሉ። ይህ መደባለቁ ነው። መከፋፈሉ ደግሞ ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ስንሻገር ይመጣል። ፀሐይ የምትባል ተመራማሪ ስሟ በአንዱ ጆርናል ላይ በአንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ይወጣል፤ የአባቷ ስም ኃይለ ማርያም ከሆነማ አንዱ አያይዞ፣ አንዱ ለያይቶ፣ አንዱ «ማርያም»ን ብቻ ነቅሎ ይጽፈዋል። ስሞቻችን በአንድ በኩል ይደባለቃሉ፣ በሌላ በኩል ይበታተናሉ። በሁለቱም ወገን የተመታ ስም ይዘን ነው ካርታው ውስጥ የምንገባው።

መፍትሔው ግን አዲስ ግኝት አይጠይቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የታላቁን የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሥራዎች የሚያስገባው «ጌታቸው» በሚለው ሥር ነው። ካታሎገሮቹ የአገሩን ልማድ ጠይቀው፣ ስሙን በራሱ ቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ወደዚያ እንዲመሩ አድርገዋል። ካታሎግ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። በኔዘርላንድስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ኔስ ያን ቫን ኤክና ሉዶ ዋልትማን የሠሩት፣ በነፃ የሚወርደው ቪኦኤስቪወር የሚባል የካርታ ፕሮግራምም ተጠቃሚው አንድ ቀላል ፋይል እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ፋይሉ ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንደኛው የተዛባው ስም ይጻፋል፣ በሁለተኛው መተኪያው። ካርድ ካታሎግ በነበረበት ዘመን «እዚህ ይመልከቱ» እያልን የምንጽፈው ካርድ ማለት ነው። ልዩነቱ ብዙ ሰው ይህን ፋይል ሳያዘጋጅ በቀጥታ ካርታው ወደሚሣልበት ቁልፍ መሄዱ ነው።

ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር አለ። አንድ ተመራማሪ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ ስሙ በየትኛውም መልክ ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚያድነው የተመዘገበውን ነው። ያለፉትን፣ ጡረታ የወጡትንና ከዚያ በፊት የታተመውን ሁሉ አያድንም፤ ለእነሱ የሚሆነው የእኛ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የስም ነበር፤ እሱ ተስተካከለ እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ መስመሩ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ነው። ሦስት ሰው የጻፈው ጽሑፍ ሦስት መስመር ያወጣል፣ አሥር ሰው የጻፈው 45። በ2015 በጄኔቫው ሰርን የሚሠሩ ሁለት የፊዚክስ ቡድኖች የሂግስን ቅንጣት ክብደት በተመለከተ በጋራ ያወጡት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጹ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው። ያ አንድ ጽሑፍ ብቻውን ከ13 ሚሊዮን በላይ መስመር ያወጣል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን 5,153 «ተባባሪ» አገኘ። እንዲህ ያለውን መስመር ሁለት ሰዎች ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከጻፉት ጽሑፍ መስመር ጋር እኩል መቁጠር አይቻልም። ኒውማን ይህንኑ አይቶ ደራሲ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ መስመር ክብደት እንዲቀንስ የሚያደርግ ስሌት አቅርቧል። ካርታ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ጠይቁት፤ መስመሩን እንዴት መዘንከው?

ሦስተኛው ጥያቄ መስመሩ ራሱ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። በፊላደልፊያው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሃዋርድ ዋይትና ካትሪን ማኬይን በ1998 የኢንፎርሜሽን ሳይንስን ካርታ አወጡ፤ ከ1972 እስከ 1995 በነበሩት ዓመታት የታወቁ 120 ደራሲዎችን ይዘው። ሙያው ሁለት ትልልቅ ሰፈሮች እንዳሉት ታየ። በአንዱ ስለ መረጃ ፍለጋ የሚያጠኑ፣ በሌላው ስለ ጽሑፎችና ስለ ጥቅሶች የሚያጠኑ። በሁለቱም ሰፈር የሚታወቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን የትብብር ካርታ አይደለም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ያሰመሩት መስመር «እነዚህ ሰዎች አብረው ይጠቀሳሉ» የሚል ነው። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አብረው ሊጠቀሱ ይችላሉ። አብሮ መጠቀስና አብሮ መሥራት የተለያዩ ካርታዎች ናቸው፤ በተማሪዎቻችን መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ሁለቱ ሲምታቱ እናያለን።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ ላምጣችሁ። በሙያችን ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ትብብሮች አንዱ በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው፣ ዛሬ የሂል ሙዚየምና የብራናዎች ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ተቋምና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት ነው። 9,000 ገደማ ብራናዎች በፊልም ተነሱ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ተቀመጠ። የታተመው ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 በአሥር ጥራዝ ወጥቶ እስከ 5,000ኛው ቁጥር ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ዊሊያም ማኮምበር ለብቻው፣ የመጨረሻዎቹን ፕሮፌሰር ጌታቸው ለብቻቸው፣ ከመካከሉ የተወሰኑትን ሁለቱ በጋራ አዘጋጁ።

እንግዲህ ይህን ትብብር በደራሲ ስም ብቻ እንሣለው። ምን እናገኛለን? ሁለት ነጥብ፣ አንድ መስመር። በቃ። በመንበረ ፓትርያርኩ የፈቀደው የለም። ብራናውን ለፊልም ያቀረቡ አድባራትና ገዳማት የሉም። ዕቃ ቤቱን ከፍቶ መጽሐፉን ያወጣው ቄሰ ገበዝ የለም። ቅጠል በቅጠል እየገለጠ ፎቶ ያነሳው ባለሙያ የለም። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኮሌጅቪል ላይ ተቀምጦ የሚነበብ ፊልም አይኖርም ነበር። ካርታው ዋሽቷል አልልም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው፤ የተጠየቀው «ሽፋኑ ላይ የማን ስም አለ?» የሚል ነበር።

ደስ የሚለው ካታሎጉ ራሱ ሌላ ካርታ የሚሠራበትን መረጃ ይዟል። በየብራናው ዝርዝር ላይ መጽሐፉ የየትኛው ደብር ወይም ገዳም እንደሆነ ተመዝግቧል። ደራሲውን ትተን ባለቤቱን ነጥብ ብናደርግ፣ አንድ ዓይነት ድርሰት የያዙትንም በመስመር ብናገናኛቸው፣ በሁለቱ ነጥቦች ቦታ ሰፊ የመጻሕፍት ዝውውር መረብ ይተካል። ያው ካታሎግ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ብራናዎቹም ራሳቸው ከዘመናዊው ጆርናል ቀድመው የሄዱበት ነገር አለ። የጥንቱ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ የሚያሰፍረው የተለመደ ልመና አለ፤ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውንና የሰማውን እያነሳ ለሁሉም ምሕረት ይለምናል። እያንዳንዱን ሰው የሚያነሳው በሠራው ሥራ ነው። የዘመኑ ሳይንሳዊ ጆርናሎች ለደራሲዎች 14 የሥራ ድርሻዎችን የሚዘረዝር መለያ ይዘው የመጡት በቅርብ ነው፤ ሐሳቡን ማን አመነጨ፣ መረጃውን ማን አጠራቀመ፣ ሶፍትዌሩን ማን ጻፈ፣ ገንዘቡን ማን አመጣ የሚል። የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። መስመሩ ሰዎቹ አብረው መፈረማቸውን ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደሠራም ማሳየት የሚችለው እንዲህ ያለ ምዝገባ ሲኖር ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ምክንያቱም ካርታው የደረጃ ማውጫ እየሆነ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ ዕድገት ከሕትመት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ስለዚህ ስም መግባት ዋጋ አለው። ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ይሰጣል፣ ይለመናል፣ በይሉኝታ ይጨመራል። የክፍል ኃላፊው ስም ሳይሠራ ይገባል፤ መረጃውን ስትሰበስብ የከረመችው ረዳት ስም ምስጋና ውስጥ ይቀራል። በካርታው ላይ በይሉኝታ የመጣው መስመርና በላብ የመጣው መስመር መልካቸው አንድ ነው። ይህን ሥዕል ይዞ «ማን ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አስተዳደር ይሉኝታን ነው የሚሸልመው። «ማን ከማን ጋር መሥራት ሲገባው አልተገናኘም?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከዚሁ ሥዕል ጥሩ መልስ ያገኛል፤ ለምሳሌ አንድ ርእስ የሚያጠኑ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በመካከላቸው አንድም መስመር ከሌለ የጋራ ሴሚናር የሚጠራበት ቦታ እዚያ ነው።

ካርታው ከየትኛው ዳታቤዝ እንደተሣለም ማየት ያስፈልጋል። የውጭዎቹ ትልልቅ ዳታቤዞች ከአገር ውስጥ ጆርናሎቻችን የሚይዙት ጥቂቱን ነው፤ በአማርኛ የታተመውን ጥናትማ አታገኙባቸውም ማለት ይቻላል። ከእነሱ ብቻ የተሣለ ካርታ ላይ የኛ ሰው የሚታየው ከውጭ ተመራማሪ ጋር ሲጽፍ ነው። ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ይወፍራል፣ እርስ በርሳችን ያለው ይሳሳል። የዚህ ግማሹ እውነት ይሆናል፤ ግማሹን ግን የፈጠረው ዳታቤዙ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት የሚችለው የአገሩን ጽሑፍ የሚያውቅ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሥራ አለብን። የመጀመሪያው የስም መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመምህራኑን ስም በግዕዝና በላቲን ፊደል፣ ሙሉ ሙሉውን፣ በራሱ ቅደም ተከተል፣ ካለም ከኦርኪድ ቁጥሩ ጋር ይያዝ። ሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል አስተምሯል። ያ ትስስር በጆርናል ደራሲነት አይታይም፤ በመመረቂያ ጽሑፎቹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ተማሪውም አማካሪውም በስም አሉ። አማካሪን ከተማሪ የሚያገናኝ ካርታ የሙያችንን የዘር ሐረግ ያወጣል፤ መረጃውም በመደርደሪያችን ላይ ነው። ሦስተኛው የሥራ ድርሻ ነው። የዲጂታል ማኅደሮቻችን መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ከደራሲው በታች ማን መረጃ ሰበሰበ፣ ማን ተረጎመ፣ ማን ፎቶ አነሳ የሚል ቦታ እንክፈት።

ሶፍትዌሩን ሌሎች ሠርተው በነፃ ሰጥተውናል። የስሞቻችንን ነገር ግን ማንም መጥቶ አይሠራልንም፤ ላይደን ያለ ፕሮግራመር አልማዝንና አስቴርን ሊለይ አይችልም፣ እናንተ ግን በስልክ ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን ሥራ የጀመረ ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያ የሚያገኘው የተስተካከለ ካታሎግ ነው። ካርታው ቆይቶ ይሣል ይሆናል፤ ባይሣል እንኳ አንድ አንባቢ መጥቶ የአንድን ደራሲ ሥራ ሁሉ ሲጠይቅ ሁሉንም በአንድ ቦታ ያገኘዋል። ለዚያ ብቻም ቢሆን ድካሙ ያዋጣል።